የድሃ ልጆች ጠበቃ፦ ታዴዎስ ስቲቨንስ

በዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአንድ አስተማሪ፣ ጠበቃና የሕግ አውጪ ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ተጠብቀው ይገኛሉ። የተመረጡት በ1997 እና በ1998 በሁለት ቅጽ ታትመዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የእጅ ጽሑፉ ለአንባቢ ፈተና ነው፤ መቼም አስተማሪ ነበር ቢሉን አናምንም! ሥራውን ግን እኛ መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ሁሉ ልናውቀው ይገባል።

ታዴዎስ ስቲቨንስ በ1792 በቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ በዳንቪል ተወለደ። አንድ እግሩ ከልደቱ ጀምሮ ቆልማማ ነበር። ጫማ ሰፊው አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ስለ ጠፋ፣ እናቱ ብቻዋን ልጆቿን አሳደገች፤ እንዲማሩላትም ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ ፒቻም ተዛወረች። ስቲቨንስ በ1814 ከዳርትመዝ ኮሌጅ ተመርቆ በፔንሲልቬንያ፣ በዮርክ ከተማ አስተማረ። ጎን ለጎን ሕግ አጥንቶ በ1816 በጌቲስበርግ ጥብቅና ጀመረ። በ1821 ለባሪያ አሳዳሪ ቆሞ መርታቱ አይካድም፤ ኋላ ግን ላመለጡ ባሮች ያለ ክፍያ ተከራከረ።

በ1833 የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1834 በግብር የሚተዳደር የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ሕግ ወጣ። ግብር ከፋዩ ተቆጣ፤ በ1835 የላይኛው ምክር ቤት ሕጉ ይሰረዝ ብሎ ወሰነ። ስቲቨንስን ከመረጡት ሰዎችም ብዙዎቹ መሰረዙን ይፈልጉ ነበር። ታዲያ እሱ ምን አደረገ? በታችኛው ምክር ቤት ተነሥቶ ለሕጉ ተሟገተ። በቀድሞው አሠራር ወላጅ ልጁን በነፃ ለማስተማር ድሃ ነኝ ብሎ መመዝገብ ነበረበት፤ ስቲቨንስ ይህ በድሃ ላይ ምልክት ማድረግ መሆኑን አስረዳ። ልጅ የሌለኝ ለምን እከፍላለሁ ለሚለውም፣ ወንጀል ሳይሠራ ለፍርድ ቤትና ለወህኒ ቤት እንደሚከፍል አስታወሰው። ሕጉም ሳይሰረዝ ቀረ።

በኋላም በአሜሪካ ኮንግረስ ባርነትን ላስቀረው የ1865 እና የዜግነት እኩልነትን ለደነገገው የ1868 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግንባር ቀደም ታጋይ ሆነ። በነሐሴ 1868 ሲሞት የተቀበረው በላንካስተር ከተማ፣ ዘር ሳይለይ ሁሉንም በሚቀበል መካነ መቃብር ነው። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው። ከሀብቱም ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ተናዘዘ፤ ከዚያ ኑዛዜ የተነሣው የሙያ ኮሌጅ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ነገ ክፍል ስንገባ ደብተር መግዣ ያጣ ልጅ ማግኘታችን አይቀርም። ስሙን ስንጠራ ድህነቱን አብረን እንዳንጠራ እንጠንቀቅ።