ኪታብና ንግግር ሰውን ይለውጣልን? የኢማም አል-ገዛሊ ሕይወት ምን ይመልሳል

ሰው ኪታብ በማንበብና ዳዕዋ በማዳመጥ ይለወጣልን? ብዙዎቻችን ያለ ማመንታት አዎን እንላለን። ወደ ራሳችን ስንመለከት ግን መልሱ እንዲህ የቀለለ አይሆንም። በመደርደሪያችን የተደረደሩት ኪታቦች፣ ሰምተን ያለቀስንባቸው ንግግሮች ብዙ ናቸው። ምላሳችን፣ የንግድ ሚዛናችን፣ በቤታችን ውስጥ ያለን ጠባይ ግን ያው እንደነበረ ነው። ታዲያ ጉድለቱ የኪታቡ ነው ወይስ የአንባቢው? ይህን ጥያቄ በራሳቸው ላይ ያነሱና መልሱን ለማግኘት ያላቸውን ሁሉ የተዉ አንድ ታላቅ ዓሊም ነበሩ። እርሳቸውም ኢማም አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ (አላህ ይዘንላቸው) ናቸው።

ኢማሙ የተወለዱት በሂጅራ 450 (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን ምድር፣ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን በምትገኘው በጡስ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታጁዲን አስ-ሱብኪ እንደዘገቡት አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው ነበሩ። መጻፍ ባለመማራቸው ይቆጩ ነበር፤ ከዑለማ መጅሊስ ግን አይጠፉም። የፈቂሆችን ትምህርት ሲሰሙ እያለቀሱ አላህ ፈቂህ ልጅ እንዲሰጣቸው፣ የመካሪዎችን ንግግር ሲሰሙም እያለቀሱ መካሪ ልጅ እንዲሰጣቸው ይለምኑ ነበር። ነገሩ በእንባና በዱዓ ብቻ አልቀረም። ሞት ሲቀርባቸው ያጠራቀሙትን ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አስረክበው ሙሐመድንና አሕመድን እንዲያስተምርላቸው አደራ አሉ። ሙሐመድ የዘመኑ ታላቅ ፈቂህ፣ አሕመድም ስመ ጥር መካሪ ሆኑ። እኒህ አባት የሰሙትን ንግግር ወደ ሥራ ለወጡት፤ ፍሬውንም ልጆቻቸው አሳዩ።

ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ያ ወዳጅ ልጆቹ ለደረሳ ቀለብ ወደሚሰጥ መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ስለዚህ ወጣቱ ገዛሊ ወደ ትምህርት የገቡት በከፊል ለዕለት ጉርሳቸው ብለው ነበር። በኋላ ዘመን ይህንን ሲያስታውሱ ዕውቀትን መጀመሪያ ከአላህ ውጪ ለሆነ ዓላማ እንደፈለጉት፣ ዕውቀቱ ግን ለሌላ መሆንን እንቢ እንዳለ ይናገሩ ነበር።

በወጣትነታቸው ወደ ጁርጃን ሄደው ተምረው ሲመለሱ የደረሰባቸው ነገር ለርዕሳችን ትልቅ ትርጉም አለው። በመንገድ ላይ ሽፍቶች የያዙትን ሁሉ ነጠቋቸው። ገዛሊ ተከትለዋቸው ሄደው ሌላው ይቅርብኝ፣ ከትምህርት የጻፍኳቸውን ወረቀቶች ብቻ መልሱልኝ ሲሉ ለመኑ፤ ዕውቀቴ በእነርሱ ውስጥ ነው አሉ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው። ወረቀት ስለተነጠቀ ብቻ ባዶውን የሚቀር ሰው እንዴት ዐወቅሁ ይላል ሲል ዘለፋቸውና ወረቀቱን አስመለሰላቸው። ገዛሊ ይህ ንግግር ከአላህ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው ብለው ያዙት። ጡስ እንደገቡ ሦስት ዓመት ተቀምጠው የጻፉትን ሁሉ በቃላቸው ያዙ። አንድ ዘራፊ በአንድ አፍታ የተናገረው ቃል የሦስት ዓመት ሥራ ወለደ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳይሆን ሰሚው በሰማው ነገር ምን እንዳደረገ ልብ እንበል።

ከዚያም በነይሳቡር ከታላቁ ኢማም አል-ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ። መምህራቸው በሂጅራ 478 (1085) ሲሞቱ ወደ ሰልጁቁ ዋዚር ኒዛም አል-ሙልክ መጅሊስ ሄዱ። በክርክር የሚችላቸው ጠፋ። በሂጅራ 484 (1091) ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ በበግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ሆነው ተሾሙ። ሦስት መቶ ያህል ደረሳ ከፊታቸው ተቀምጦ ይማር ነበር። ከተማዋ በገቡ ጊዜ ልብሳቸውና የሚጋልቡት እንስሳ በአምስት መቶ ዲናር ተገምቶ እንደነበር ተዘግቧል። የፈላስፎችን አስተሳሰብ የመረመሩባቸውና የተቹባቸው ታዋቂ ኪታቦቻቸውም የተጻፉት በዚያ ወቅት ነው።

ሰዎች ሁሉ የተሳካላቸው አድርገው በሚያዩዋቸው በዚህ ሰዓት ኢማሙ የአቡ ጣሊብ አል-መኪንና የሐሪስ አል-ሙሐሲቢን ኪታቦች፣ የጁነይድንም ንግግሮች አነበቡ። ስለ ልብ መጥራት የተጻፈውን ሁሉ ዐወቁ። በዚያው መጠን ግን አንድ ነገር ተገለጠላቸው። የጤንነትን ትርጉም ማወቅ ጤነኛ አያደርግም፤ ሐኪም ራሱ ሲታመም የጤናን ሁኔታ በሚገባ ያውቃል፣ ጤናው ግን የለውም። ስለ ዙህድ አሳምሮ ማስተማርና ዛሂድ መሆንም እንደዚሁ የተለያዩ ናቸው። የቀረው ነገር በማንበብና በመስማት የሚገኝ አልነበረም።

ከዚያም ኒያቸውን መረመሩ። የሚያስተምሩት ለአላህ ብቻ ሳይሆን ዝናና ክብር ስለሚጎትታቸው መሆኑን አገኙት። ይህ የሆነው በሂጅራ 488 ረጀብ (ሐምሌ 1095) ነበር። ለስድስት ወር ያህል በጭንቅ ቆዩ። ጠዋት በግዳድን ለመልቀቅ ይቆርጣሉ፣ ማታ ሹመቱና ደረሳው ይይዛቸዋል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ። ለማስተማር ይቀመጣሉ፣ አንዲት ቃል ግን አይወጣቸውም። ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞች ሕመሙ የልብ ሐሳብ ያመጣው ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ዓለም በንግግራቸው የሚደነቅባቸው ሰው ለራሳቸው የሚሆን አንዲት ቃል አጡ።

ያን ጊዜ ወደ አላህ ተማጸኑ፤ መተዉም ገራላቸው። ለቤተሰብ የሚበቃውን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ገንዘብ አከፋፈሉ። ሰው እንዳይከለክላቸው ወደ መካ መሄዳቸውን እየተናገሩ ወደ ሻም አቀኑ። መድረሳውን ወንድማቸው አሕመድ ተካቸው። በደማስቆ በኡመውያ መስጂድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው በኸልዋና በዚክር ተቀመጡ። ወደ በይተል መቅዲስ ሄዱ፤ በኸሊል ከነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) መቃብር ዘንድ ሦስት ቃል ኪዳን ገቡ። ወደ ሱልጣን ደጅ ላለመሄድ፣ የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል፣ ለመርታት ሲባል ላለመከራከር ነበር። ሐጅም አደረጉ። በኋላ በግዳድ ላይ በታዩ ጊዜ የለበሱት ልብስ አሥራ አምስት ቂራጥ ብቻ ተገመተ፤ አንድ ዲናር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ቁርኣንን ሰምተው አልነበረምን የተለወጡት? አዎን፣ በሲራ ኪታቦች እንደሚተረከው በእህታቸው ቤት የጣሃ ሱራ ልባቸውን አሸንፏል። ያንኑ የአላህ ቃል አቡ ጀህልም ሰምቶታል። ዑመር የሰሙትን ይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዱ፤ አቡ ጀህል ሰምቶ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ልዩነቱ ከተሰማው ቃል አልነበረም።

ታዲያ ኢማም ገዛሊ ኪታብን ጠሉን? አልጠሉም። በዚያ የስደትና የኸልዋ ዘመን ነው ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲንን የጻፉት። አርባ ኪታቦችን የያዘ፣ በዕውቀት ጀምሮ በሞትና ከሞት በኋላ ባለው የሚደመድም ሥራ ነው። በውስጡ ስለ ምላስ ጥፋት፣ ስለ ዝና ፍቅርና ስለ ሪያእ የጻፉት በሌላ ሰው ላይ ያዩትን አይደለም፤ በበግዳድ የራሳቸውን ነፍስ የያዘውን በሽታ ነው። ኪታቡ ተቃዋሚ አላጣም። በሂጅራ 503 (1109) በአንዳሉስ ቁርጡባ ውስጥ ተቃጥሏል። ደካማ ሐዲሶች እንዳሉበትም ዑለማዎች አመልክተዋል። ይሁንና ከተቺዎቹ አንዱ የሆኑት ኢብኑል ጀውዚ ራሳቸው አሳጥረውና አጥርተው ጻፉት እንጂ አልተዉትም። በሀገራችን ዑለማ ዘንድም ስሙ እንግዳ አይደለም።

በሂጅራ 499 (1106) በዋዚሩ ፈኽር አል-ሙልክ ግፊት በነይሳቡር እንደገና ለማስተማር ተቀመጡ። ወንበሩ ያው የመምህር ወንበር ነበር። እርሳቸው ግን ቀድሞ ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ያስተምሩ እንደነበር፣ አሁን የሚያስተምሩት ክብርን ለመተው የሚያበቃውን እንደሆነ ገለጹ። ብዙ ዓመት ያነበበ አንድ ደረሳቸው ከተማረው ሁሉ የሚጠቅመው የቱ እንደሆነ በደብዳቤ ሲጠይቃቸውም ሥራ የሌለው ዕውቀት ባለቤቱን እንደማያድን ጻፉለት። በመጨረሻም ወደ ጡስ ተመልሰው ጥቂት ደረሳ ይዘው፣ የቡኻሪንና የሙስሊምን ሐዲስ እያጠኑ ቆዩ። በጁማደል ኣኺር 14 ቀን 505 (ታኅሣሥ 1111) ሰኞ ንጋት ላይ ውዱእ አድርገው ሰገዱ፤ ከፈናቸውን አስመጥተው ሳሙት፤ ወደ ቂብላ ዞረው ነፍሳቸው ወጣች። ይህን የተናገሩት ወንድማቸው አሕመድ ናቸው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ይመስለኛል። ኪታብና ንግግር መንገዱን ያሳያሉ፤ መሄድ ግን የእግር ሥራ ነው። ገዛሊን ያነበቡት ኪታብ አስጨነቃቸው፣ የለወጣቸው ግን በአላህ እርዳታ ከበግዳድ በር የወጡባት ቀን ናት። እኛም በስልካችን ላይ የምናከማቸው የዳዕዋ ብዛት፣ የምናነባቸው ኪታቦች ቁጥር ሊያታልለን አይገባም። ዛሬ ማታ አንድ ገጽ አንብበን ነገ ጠዋት የቆየ ዕዳ ብንከፍል፣ ያኮረፍነውን ዘመድ ደጅ ብናንኳኳ፣ ያ ገጽ ሥራውን ሠርቷል። ካልሆነ ዕውቀታችን ሽፍታ እንደሚነጥቀው ወረቀት ከእጃችን ላይ ነው እንጂ ከልባችን ውስጥ አይደለም። አላህ ሰምተው ከሚሠሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።