አል-ጀዘሪ፦ ዒልምንና ዐመልን ያገናኘ የእጅ ባለሙያ



ወንድሞችና እህቶች፤ ስለ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ኢብን ሲናንና አል-ኸዋሪዝሚን እናወሳለን። በእጃቸው ሠርተው ያደሩትን ግን እምብዛም አናነሣም። ብዙ ዓመት ከቶርኖ ፊት ቆሜ፣ የማሽን ዲዛይን ትምህርት ዘግይቼ ለጀመርኩት ለእኔ ከሁሉም የሚቀርበኝ ከእነዚህ ወገን የሆነው በዲዑ-ዘማን አቡል-ዒዝ ኢስማዒል ኢብን አር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ ነው።

ጀዘሪ የተባለው በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ካለው አል-ጀዚራ ከሚባለው ምድር በመሆኑ ነው። አር-ረዛዝ የሩዝ ነጋዴ ማለት ነው። ስለ ሕይወቱ የምናውቀው፣ ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ካሰፈራት ጥቂት ቃል ብዙም አያልፍም። ከ570 ዓመተ ሂጅራ አንስቶ የአርቱቅ ቤተሰብ ገዢዎችን አገልግሏል፤ መጀመሪያ ኑረዲን ሙሐመድን፣ ከዚያ ልጃቸውን ቁጥበዲን ሱቅማንን፣ በመጨረሻም ሌላውን ልጃቸውን ናሲረዲን መሕሙድን። ሰላሐዲን አል-አዩቢ ዛሬ ዲያርባክር የምትባለውን የአሚድን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1183 ይዘው ያስረከቡት ለዚሁ ለኑረዲን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ቁድስ በተከፈተችበት ወቅት፣ አል-ጀዘሪ በዚሁ ቤተሰብ አገልግሎት ላይ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች የጦሩን ሜዳ ጽፈዋል፤ የሥራ ቤቱን ግን ከእርሱ በቀር የጻፈልን የለም።

ናሲረዲን፣ ይህ ሁሉ ሥራ ከባለቤቱ ጋር እንዳይጠፋ በማለት እንዲጽፍ አዘዙት። መጽሐፉ በ602 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1206 ተጠናቀቀ። ከሚታወቅባቸው ስሞች አንዱ ዒልምንና ጠቃሚ ዐመልን አጣምሮ የያዘ የሚል ትርጉም አለው። በስድስት ክፍል ተከፍሎ 50 መሣሪያዎችን ይዟል፤ የውሃ ሰዓቶች፣ ማሰሮና ሳህኖች፣ ከታካሚ የተቀዳን ደም የሚለኩ ዕቃዎች፣ ፏፏቴዎች፣ ውሃ ማውጫ ማሽኖች፣ ሌላም ሌላም።

መጽሐፉን ያነበብኩት ዶናልድ ሂል የተባሉ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1974 ባሳተሙት ትርጉም ነው። ያኔ አንድ ነገር ያሳፍረኝ ነበርና ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አንድ ሐጂ የወፍጮ ዘንግ ተሰብሮባቸው አመጡልኝ። የተሰበረውን ለክቼ በዚያው ልክ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ ተሰብሮ ተመለሰ። ሐጂ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ሁለቱን ስብራት ጎን ለጎን አስቀምጠው ሻይ ጠየቁ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። የዘንጉ ወፍራም ክፍል ወደ ቀጭኑ የሚወርድበት ጥግ ስለታም ነበር። ዘንጉ ቀበቶው እየጎተተው በዞረ ቁጥር ብረቱ በአንድ ወገን ይሳባል፣ በሌላው ይጨመቃል፤ ጫናውም እዚያች ጥግ ላይ ይከማቻል። ውሎ አድሮ ከጥጉ ስንጥቅ ይነሣል። እኔ ቅርጹን ገለበጥሁ እንጂ ለምን ተሰበረ ብዬ አልጠየቅሁም ነበር።

አል-ጀዘሪ ግን ጠይቋል። በዘመኑ ቀኑ ሁልጊዜ በ12 ሰዓት ይከፈል ነበር፤ በበጋ ሰዓቱ ይረዝማል፣ በክረምት ያጥራል። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በዲያርባክር ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ከአምስት ሰዓት በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የውሃ ሰዓቱ ፍሰት በየቀኑ መስተካከል አለበት። የቀደሙት ሰዎች የውሃው ቀዳዳ በግማሽ ክብ ላይ ወጣ ወረድ እንዲል አድርገው ያንን ግማሽ ክብ ከፋፍለው ምልክት አድርገውበት ነበር። እርሱ ሠርቶ ሲፈትነው አልሆነም። ሌላ ቅርጽ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ በትዕግሥት እየለካ፣ እያንዳንዱን ምልክት በፈተና እያረጋገጠ አስተካከለው። ዛሬ ምክንያቱን በቀመር እናውቀዋለን፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ፍጥነት ከጥልቀቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ጥልቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል። ይህን ጣሊያናዊው ቶሪቸሊ ያሳተመው በ1644 ነው። አል-ጀዘሪ ቀመሩ አልነበረውም፤ የነበረው የሚለካ እጅና፣ የታላላቆቹን ሥራ እንኳ ሳይፈትን የማይቀበል ኅሊና ነበር።

ሌላውም እንዲሁ ነው። እንጨት እንዳይጣመም ሳንቃዎችን ደራርቦ ያጣብቅ ነበር። ትልልቅ መንኮራኩሮችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድሉ ሚዛናቸውን ይፈትሽ ነበር። አስቸጋሪ ቅርጽ ሲገጥመው መጀመሪያ በወረቀት ይሠራዋል። ቫልቮላው ውሃ እንዳያሳልፍ ከመቀመጫው ጋር በአሸዋማ ዱቄት ፈጭቶ ያገጣጥመዋል። የጋራዥ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ዛሬም የሞተር ቫልቭ የሚገጠመው በዚሁ መንገድ ነውና።

ንጉሡ ለውዱእ አገልጋይ ውሃ ሲያፈስላቸው አይወዱም ነበር። ይህን ሰምቶ ውሃውን በራሱ የሚቀዳ ማሰሮ ሠራላቸው። ይህን ታሪክ በደስታ እንናገራለን። ከመጽሐፉ ክፍሎች አንዱ ግን ለመጠጥ ግብዣ የሚሆኑ ዕቃዎችን እንደሚገልጽ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። እኔ መዝለሉን አልወድም። ኸምር ሐራም መሆኑን እርሱም እኛም እናውቃለን፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የሚያደርጉትን ያደርጉ ነበር፣ እርሱም አገልጋያቸው ነበር። ቀደምቶቻችንን መላእክት አድርገን ከሳልናቸው ልጆቻችን አንድ ቀን መጽሐፉን ሲከፍቱ እኛን ነው የማያምኑን።

በተመሳሳይ ምክንያት፣ በስብሰባዎቻችን ላይ አል-ጀዘሪ የመኪናን ሞተርና ኮምፒዩተርን ፈለሰፈ ሲባል ስሰማ ደስ አይለኝም። እርሱ ራሱ ከማን እንደተማረ አልደበቀም። አርኪሜዲስን በስም ጠቅሷል። የባግዳዶቹን በኑ ሙሳንም አንሥቶ፣ ፏፏቴዎቻቸው ቅርጻቸውን የሚለውጡበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው ብሎ ተችቶ የራሱን መንገድ ሄዷል። አመስጋኝም ተቺም ነበር። ያልሠራውን ስንጨምርለት የሠራው ይሸፈናል፤ የሠራው ደግሞ ያለ ጭማሪ ይበቃል።

ከሠራቸው አንዱን እዚህ ላንሣ። ፊት ለፊት የተጋደሙ ሁለት የመዳብ ሲሊንደሮች አሉ። የወንዝ ውሃ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ የጥርሶቹ ዙረት በአንድ ዘንግ አማካይነት ወደ ወዲያ ወዲህ እንቅስቃሴ ይለወጣል። አንዱ ፒስተን ውሃ ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ ስለዚህ ፍሰቱ አያቋርጥም። ፒስተኑ ሁለት የመዳብ ክቦች ነው፤ በመካከላቸው ገመድ ተጠቅልሎ ውሃው እንዳያልፍ ይዘጋል። እያንዳንዱ ክፍል በሥዕሉ ላይ በዐረብኛ ፊደል ተለይቷል፣ ጽሑፉም ፊደሉን እየጠራ ይሄዳል። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ተመልክቶ እንዲሠራው ነው። ከንቱም አልቀረም፤ በ1976 ለንደን ውስጥ ለእስልምና ዓለም ፌስቲቫል ትልቁን የውሃ ሰዓቱን ከመጽሐፉ አንብበው ሠሩት፣ ሠራም።

እኔም ሥዕሉን ለተለማማጆቼ ሰጠኋቸው። አንዱ ልጅ ገመዱ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ያልቃል ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ስላልነበረኝ ከቁርጥራጭ ቱቦ አንድ ሲሊንደር ቆረጥን፤ ገመዱን ከቃጫ አደረግነው። የመጀመሪያው ጥቅል በጣም ጠብቆ ፒስተኑን አላንቀሳቅስ አለ። ሁለተኛው ውሃ ያንጠባጥባል። ልጁ አሁን ሦስተኛውን እየጠቀለለ ነው።