አቡበክር አር-ራዚ እና ያልተጠየቀው ጥያቄ



አቡበክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ዛሬ ከቴህራን አጠገብ በምትገኘው ረይ ተወለዱ። በረይና በባግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ ነበሩ። ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይተው ጽፈዋል፤ ስለ ኩላሊትና ፊኛ ጠጠርም ራሱን የቻለ ኪታብ አላቸው። ሽንት ብቻ አይተን ሁሉንም በሽታ እናውቃለን የሚሉ አስመሳዮችን ይነቅፉ ነበር።

ከሞቱ በኋላ ማስታወሻዎቻቸው ተሰብስበው አል-ሓዊ የተባለው ትልቅ ሥራ ሆነ። እዚያ ውስጥ የአንድ ታማሚ ታሪክ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ሰዋዳ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ቀን እየዘለለ። መጀመሪያ ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቶሎ ቶሎም ይሸናል። አር-ራዚ ሁለት ነገር ጠረጠሩ፦ ዛሬ ወባ የምንለውን ዓይነት ትኩሳት ወይም የኩላሊት ቁስለት። ብዙም ሳይቆይ ከሽንቱ ጋር መግል ወጣ። መግሉ እስኪጠራ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሰጡት፤ ቀጥሎ ዕጣን ባለበት መድኃኒት አከሙት። በሁለት ወር ገደማ ዳነ።

አር-ራዚ ግን በመዳኑ ብቻ አልረኩም። ሲቆም ወገቡን ይከብደው እንደሆነ መጀመሪያ አለመጠየቃቸውን በገዛ እጃቸው መዘገቡ። ኋላ ሲጠይቁት አዎ ብሏቸዋል። ታላቅ ሐኪም ሆነው ያለፋቸውን ለተማሪ ትምህርት አድርገው ተዉት።

ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። ጅማና ዙሪያዋ ወባ የሚታወቅበት አገር ስለሆነ ትኩሳት ሲመጣ ቶሎ የሚታሰበው ወባ ነው። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ወይም የጎን ሕመም አብሮ ካለ ግን የሽንት ምርመራም ያስፈልጋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንጀት ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሴቶች የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ እነሱን በብዛት ያጠቃል። ወደ ኩላሊት ከወጣ አደገኛ ነው። ላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ የመግል ሴሎችን ያያል፤ የካልቸር ምርመራ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይለያል። ስለዚህ ከፋርማሲ በግምት ከመግዛት መመርመር፣ የታዘዘውንም ሳያቋርጡ መጨረስ ይሻላል።

ሐኪም የሚጠይቀው እኛ ስንናገር ነው። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያወደሱት ዓይናፋርነት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ሕመምን ለሐኪም መናገርም እንዲሁ አያሳፍርም።

አር-ራዚ በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ በ313 ሂጅራ በተወለዱባት ረይ አረፉ። ጥያቄያቸው ግን ዛሬም ይሠራል።

ወሏሁ አዕለም።