አሚር ኑር፦ ሐረርን በግንብ ያቀፉ መሪ

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመድ ነበሩ። ኢማሙ እ.ኤ.አ በ1543 ከወደቁ በኋላ የተዳከመችውን ሐረር ተረከቡ፤ የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራንም አገቡ። ከተማዋን ከጥቃት ለመጠበቅ ዛሬ ጀጎል የምንለውን ባለ አምስት በር ግንብ አስገነቡ። በ1560ዎቹ መጨረሻ ወረርሽኝ ሲገባ እርሳቸውም ወደ አኼራ ሄዱ፤ ቀብራቸው እዚያው ጀጎል ውስጥ ነው።

ጀጎል እ.ኤ.አ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከተማዋ ግን እያደገች ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩት የጥንት ቤቶችም በብሎኬት እየተተኩ ነው። ፎቅ ለሚፈልግ ከግንቡ ውጭ ቦታ አለ። አሚሩ ግንቡን የሠሩት ከውጭ ለሚመጣ ጠላት ነበር፤ ከውስጥ ሆነን የምናፈርሰው እኛ እንዳንሆን እንፈራለን። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም አደራ ጠባቂዎች ያድርገን።