ሚካኤል ፋራዴይና ደብተሩ

በቃል ያለ ነገር እንደሚረሳ፥ በመጽሐፍ ያለ ነገር ግን እንደሚወረስ አባቶቻችን አስተምረውናል። ይህም እውነት መሆኑን በእንግሊዝ አገር ከኖረው ከሊቁ ከሚካኤል ፋራዴይ ሕይወት እንማራለን።

ፋራዴይ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1791 ዓመት በሎንዶን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ሠሪ ነበረ፤ ነገር ግን ሕመም ስለሚያዘወትረው ቤቱ ድኻ ነበረ። በ1801 እህል በተወደደ ጊዜ ለሚካኤል የሚሰጠው ለሳምንት አንድ ዳቦ ነበር። ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከጥቂት ቍጥር በቀርም ሌላ ትምህርት አላገኘም።

13 ዓመት በሆነው ጊዜ መጻሕፍት ለሚሸጥና ለሚጠርዝ ሰው ተላላኪ ሆኖ ገባ። በሚከተለውም ዓመት የመጠረዝን ሥራ ሊማር ጀመረ፤ ትምህርቱም 7 ዓመት የሚፈጅ ነበረ። እጁ የሚጠርዘውን መጽሐፍ ዓይኑ ያነበው ነበር። ካነበባቸውም መጻሕፍት አንዱ፥ መዝሙር በመድረስ የታወቀው አይዛክ ዋትስ ስለ አእምሮ መሻሻል የጻፈው ነበረ። ይህም መጽሐፍ ዕውቀትን የሚወድ ሰው ያነበበውንና የሰማውን እንዲጽፍ ይመክራል። ፋራዴይ ምክሩን ተቀብሎ ደብተር ያዘ።

በ1812 ወደ መጽሐፍ ቤቱ የሚመላለስ አንድ ሰው፥ ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ታላቅ ሊቅ ወደሚያስተምርበት ስፍራ የሚያስገባ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ አራት ጊዜ ሄዶ ሰማ። የሰማውንም ሁሉ ጻፈ፤ ከዚያም በጥሩ ጽሕፈት ገልብጦ የመሣሪያዎቹን ሥዕል ጨመረበት። በገዛ እጁም ጠርዞ መጽሐፍ አደረገውና ሥራ እንዲሰጠው እየለመነ ለዴቪ ላከው። ሊቁ በደግነት መለሰለት፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ክፍት ሥራ አልነበረም። በ1813 የዴቪ ረዳት በጠብ ምክንያት ከሥራው ተሰናበተ፤ ዴቪም ያንን ወጣት አስታውሶ አስጠራው። እንዲህም ሆኖ ፋራዴይ ሮያል ኢንስቲቱሽን በሚባለው የዕውቀት ቤት ረዳት ሆነ። ለድኻው ልጅ ደብተሩ አማላጅ ሆነለት።

ሥራ ካገኘም በኋላ መጻፉን አልተወም። የሠራውን ብቻ ሳይሆን፥ ገና ሊመረምረው የሚፈልገውንም ነገር ይጽፍ ነበር። ኤሌክትሪክ የማግኔትን ኀይል እንደሚያስገኝ በዚያን ጊዜ ታውቆ ነበር። ፋራዴይ ግን በተገላቢጦሽ ከማግኔት ኤሌክትሪክን ለማግኘት አሰበ፤ ይህንንም ሐሳብ በ1822 በደብተሩ አኖረው። በ1825 ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሳያፍርም አለመሆኑን ጻፈ። ሐሳቡ ግን በጽሕፈት ተይዞ ነበርና አልጠፋም።

በ1831 ፋራዴይ ወደዚያው ጥያቄ ተመለሰ። በኦክቶበር ወር ሽቦ ጠመጠመና ማግኔት ወደ ጥምጥሙ ውስጥ ፈጥኖ አስገባ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መለኪያው መርፌ ተንቀሳቀሰ። ማግኔቱን ባወጣውም ጊዜ መርፌው ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ማግኔቱ ዝም ብሎ በተቀመጠ ጊዜ ግን መርፌውም ዝም አለ። ፋራዴይም ምስጢሩ በመንቀሳቀስ ላይ መሆኑን አወቀ። ጥያቄው መልሱን እስኪያገኝ ድረስ 9 ዓመት በደብተር ቆይቶ ነበር። ዛሬ በአገራችን የወንዝ ውኃ መኪና እያዞረ መብራት የሚሰጠን በዚሁ ሕግ ነው።

ፋራዴይ በዕድሜው እየገፋ በሄደ ጊዜ የማስታወስ ኀይሉ ደከመ። ደብተሩ ግን የረሳውን ይመልስለት ነበር። ለጻፈው ለእያንዳንዱ አንቀጽ ተራ ቍጥር ያደርግለት ስለ ነበረ፥ ቍጥሩ ከ16,000 አለፈ። እግዚአብሔርን እየፈራ በትሕትና ኖሮ በ1867 ዐረፈ። የዕለት መዝገቡም ከ1932 እስከ 1936 ባሉት ዓመታት በሰባት ክፍል ታትሞ ለሚመራመሩ ሁሉ ቅርስ ሆነ።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። ያያችሁትን፥ የሰማችሁትን፥ ያልገባችሁንም ነገር ጻፉበት። ሞክራችሁ ያልሆነላችሁን ለመጻፍ አትፈሩ። ዛሬ የተዘራ ዘር ዛሬ እንዳይታጨድ፥ ዛሬ የተጻፈ ሐሳብም ፍሬውን በጊዜው ይሰጣል። ያልተዘራ ግን ከቶ አይበቅልም።