ጋይንትን ያቋረጠው መድፍ፦ አፄ ቴዎድሮስ እና ያልተፈረመው የሥራ ውል

አፄ ቴዎድሮስን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በሹሩባቸው ነው። ቲሸርት ላይ አሉ፣ ቲክቶክ ላይ አሉ፣ ሚኒባስ መስታወት ላይ አሉ። መቅደላ ላይ እንዴት እንደሞቱም የማያውቅ የለም። ብዙ የማይወራው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሳድዱት የኖሩት ነገር ነው፦ ባለሙያ ሠራተኛ። ዛሬ ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ፓስፖርት አውጥቶ ለሥራ ወደ ውጭ መሄድ የሚያስብ ወጣት የንጉሡን ሕይወት ከዚህ በኩል ቢያየው የሚያተርፍ ይመስለኛል።

ካሳ ኃይሉ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ነው። አባታቸው ቀድመው ሞቱ፣ እናታቸው ተቸገሩ። ካደጉ በኋላ ቆላ ወርደው ሸፈቱ፣ ተከታይ አፈሩ፣ እየበረቱ ሄዱ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ግን በሱዳን በኩል ከነበረው የግብፅ ጦር ጋር ተጋጥመው ክፉኛ ተመቱ። ሰዎቻቸው ወኔ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው መድፍና የሠለጠነ ወታደር ነበር። ይህ ሽንፈት ከአእምሯቸው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በ1845 አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ ቀጥሎም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቻቸው አንዱ የሥራ ጉዳይ ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። የባሪያ ንግድን ለማስቆም ሞከሩ። ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ ይቆረጥለት አሉ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ገንዘቡ ግን የለም። ገንዘብ ፍለጋ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲነኩ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፣ አመፁም በየአቅጣጫው ተነሳ።

በዚሁ ጊዜ ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ ወጣት ሚስዮናውያን መጡ። ወንጌል ለመስበክ ነው የመጡት፤ ግን የእጅ ሙያም ነበራቸው። ንጉሡ የፈለጉት ስብከቱን ሳይሆን እጃቸውን ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። መጀመሪያ መንገድና ሠረገላ ሠሩ፣ ቆይቶ መድፍ አቅልጣችሁ አምጡ ተባሉ። አናውቅም ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ከብዙ ሙከራና ክስረት በኋላ ተሳካላቸው። ንጉሡም በገንዘብ፣ በበቅሎና በማዕረግ ልብስ ካሷቸው። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ በሚናቅበት አገር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከምድጃ አጠገብ ቆመው ሥራ ሲያዩ መዋል ትልቅ ነገር ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ሂውማን ካፒታል እያልን የተማርነውን ሰውየው በተግባር ገብቷቸዋል።

ችግሩ የውሉ ነው። የጋፋት ሠራተኞች ጥሩ ይከፈላቸው ነበር፤ ግን ያለ ንጉሡ ፈቃድ ከአገር መውጣት አይችሉም። መብታቸው የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ደስታ ላይ ነው። ያ ሰው ሲቆጣስ?

ተቆጡ። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ወዳጅነትን ፈልገው ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፣ ሌሎች አውሮፓውያንም በሰንሰለት ተያዙ። በኋላ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ የመጣው ራሳምም ከእስር አላመለጠም። በ1858 ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሚስዮናዊውን ፍላድን የእጅ ባለሙያዎችና ማሽን እንዲያመጣ ወደ ለንደን ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ቀሩ። የሚገርመው እንግሊዝ ባለሙያዎቹን ቀጠረች፣ ማሽኑም ከነሰዎቹ ምጽዋ ድረስ መጣ። ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ አይገባም ተባለ። ንጉሡ ባለሙያዎቹ ካልመጡ አልፈታም፣ እንግሊዝም ካልፈታህ አልሰጥም። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ላይ ጠብቀው ጠብቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለአገሪቱ የቀረበው ትልቁ የሙያ ትብብር በሁለት መተማመን ባቃታቸው መንግሥታት መካከል ባከነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጋይንት ምድር ላይ የተጻፈ ነው። በጌምድር አምፆ፣ ሠራዊቱ ከድቶ፣ የጋፋት ሰዎችም በጥበቃ ሥር ውለው ሳለ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል አብሯቸው ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት ጋይንትን አቋረጡ፣ ጨጨሆን ወጡ፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጡ። መንገድ ስላልነበረ እየቆፈሩ ነው የሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። የእንግሊዝ መኮንኖች ሳይቀሩ መንገዱን አይተው አደነቁ። ግን እህሉን የተዘረፈው ባላገር፣ ጠፍሩ ትከሻውን የቆረጠው ጎታች ምን ተከፈለው?

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ጦር፣ ከህንድ ካመጣቸው ዝሆኖች ጋር፣ ከዙላ ተነስቶ ሲመጣ ለእህሉም ለጭነቱም በማርያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ ነበር። ወራሪ ነው፣ ግን ከፋይ ነው። በመንገዱ ያለው ሕዝብ ለምን እንዳልተዋጋው የሚገልጽ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ግን ቀላል አይደለም። ሴባስቶፖል ያን ሁሉ ድካም በልቶ በጦርነቱ ምንም አልፈየደም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ።

የጋፋት ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ ምድጃውም ጠፋ። ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የጆን ቤልን ልጅ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን ሱዛንን አግብቶ ነበር። ሁለቱ ሊባኖስ ሄደው ኖሩ። እሱ ብሩማና ላይ በ1873 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። ጋፋት ላይ ሊተከል ይችል የነበረ ሙያ ሊባኖስ ተራራ ላይ በቀለ ማለት ነው።

ሊባኖስ የሚለው ስም ዛሬ ለእኛ ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰን። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ቤይሩት የሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ተጥለው አየናቸው። ካፋላ የሚባለው አሠራር ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር ወይም መውጣት ከባድ ነው። የጋፋት ሕግ ተገልብጦ መጣብን፦ ያኔ ፈረንጁ እኛ ጋ ነበር መውጫ ያጣው፣ አሁን የእኛ ሰው ሰው አገር።

መፍትሔው አለመሄድ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን ዘግቶ ነበር፤ ደላላው ግን አልተዘጋም። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል ናት። ድርጅቱ ለቤት ሠራተኞች ኮንቬንሽን ቁጥር 189ን አውጥቷል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 923/2008ም፣ በ2013 በአዋጅ 1246 ቢሻሻልም፣ ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር እንዲሆን፣ የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ አሠሪው እንዲችል ይላል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የጠፋው ይህ ነበር፦ ሁለቱም መንግሥታት የፈረሙት፣ አንዱ ቢቆጣ እንኳ ሠራተኛው መያዣ የማይሆንበት ወረቀት።

ወረቀቱ በራሱ አያድንም፤ ኤምባሲው ካልተከታተለው፣ ተቀባዩ አገር ካላከበረው መድፍ እንደመጎተት ነው። ግን መነሻው እሱ ነው። ነፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ ቁጭ ብለህ ደላላ ቪዛው አልቋል ብሎ ብር ሲጠይቅህ፣ ከብሩ በፊት ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ከዚያ አገር ጋር ስምምነት አለን ወይ? የምፈርመው ውልስ በማውቀው ቋንቋ የታለ?