ሙያ ተምሮ መሬት ያጣ ወጣት፦ የጆን ዱቤ የሕይወት ታሪክ

ጆን ላንጋሊባሌሌ ዱቤ በደቡብ አፍሪካ በናታል ግዛት፣ ከደርባን ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ኢናንዳ እ.ኤ.አ. በ1871 ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው በአሜሪካ ሚስዮን ሥር የሚያገለግሉ የዙሉ ቄስ ስለነበሩ ለብዙው የገጠር ልጅ ያልደረሰው የትምህርት ዕድል ለእርሳቸው ደረሰ።

በ1887 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦበርሊን የጉልበት ሥራ እየሠሩ ተማሩ። ለሁለተኛ ጊዜ በሄዱበት ወቅት፣ በ1897፣ በአላባማ የሚገኘውን የቡከር ቲ. ዋሽንግተንን የተስኪጊ ትምህርት ቤት ጎበኙ። በዚያ የጥቁሮች ልጆች ጡብ ሠርተው የሚማሩበትን ቤት ራሳቸው ይገነቡ ነበር። ዱቤ ይህን አሠራር ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ።

ከባለቤታቸው ከኖኩቴላ ጋር በ1901 በኢናንዳ የኦህላንጌን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ተማሪው ከንባብና ከሒሳብ ጋር አናጺነት፣ ጫማ ሥራ፣ እርሻና የኅትመት ሙያ ይማር ነበር። በ1903 ደግሞ ኢላንጋ የተባለውን የዙሉ ቋንቋ ጋዜጣ ጀመሩ። ያን ጊዜ ግብር በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ስለነበር ገንዘብ የሌለው የገጠር ወጣት ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወይም ወደ ነጭ እርሻ ከመሄድ በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። የዱቤም ሐሳብ ወጣቱ ከቀዬው ሳይርቅ በእጁ ሙያ እንዲያድር ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሙያ ብቻውን ምን ያህል ይወስዳል? በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለጥቁሩ ሕዝብ ከአገሪቱ መሬት ሰባት በመቶ ያህሉን ብቻ ከለለለት። ከዚያ ውጭ መሬት መግዛትም ሆነ መከራየት ተከለከለ። ብዙ ቤተሰብ ከብቱን እየነዳ ከኖረበት እርሻ ወጣ። እርሻ የተማረው ወጣት የሚያርሰው አጣ፤ አናጺውም ቢሆን የሚያሠራው ገበሬ ራሱ ተፈናቃይ ሆነበት።

ዱቤ በ1912 በብሉምፎንቴን የተመሠረተውና በኋላ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1914 መልእክተኞችን እየመሩ ወደ ለንደን ሄደው አቤት አሉ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ጣልቃ አልገባም። ዱቤ ራሳቸው ከትችት አላመለጡም። መሬቱ በትክክል ከተካፈለ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ መኖሩን እንደሚቀበሉ በማሳየታቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር ተቃቅረው በ1917 ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉን ያወጣው ወገን መሬቱን በትክክል ሊያካፍል አላሰበም ነበርና።

ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤታቸውና ወደ ጽሑፍ ሥራቸው አዘነበሉ። የካቲት 1946 በተወለዱበት ቀን፣ ልክ በ75 ዓመታቸው አረፉ። የመሬቱ ሕግ የተሻረው በ1991 ነው። ኔልሰን ማንዴላም በሚያዝያ 1994 በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን ድምፅ የሰጡት ዱቤ በተቀበሩበት አካባቢ በሚገኘው በዚሁ በኦህላንጌ ትምህርት ቤት ነበር።